የአባዬ ጉሮሮና የእትዬ ኩዙ

ፌብሩዋሪ 1

በረዶ አልጣለም። አውቶቡሱ ስድስት ደቂቃ ዘገየ። ሂሳብ ሃምሳ ስምንት አመጣሁ... ማንም አልጠየቀኝ፣ እኔም አላሳየሁ።

ስገባ ወንድ አያቴ ማጠቢያ ቤት ናቸው። ክረምቱን ሙሉ እዚያ ናቸው። ኩዙ ከሥሩ ስታርች የሚወጣለት ሐረግ ነው፤ የተፈጨው ሥር በቀዝቃዛ የጉድጓድ ውሃ ይታጠባል። ዝቃጩ ሁለት ቀን ይረጋል። ከላይ ያለው ጥቁር ውሃ ይደፋል። እንደገና ውሃ፣ እንደገና ማማሰል፣ እንደገና መርጋት... ነጭ እስኪሆን። ጓንት አያደርጉም። እጃቸው ቀልቶ አብጧል። አምና ይሄን ጊዜ ታላቅ እህቴ እትዬ ቺጉሳ ከጎናቸው ነበረች። «አያቴ፣ እጄ ወልቆ በርሜል ውስጥ ቀረ!» እያለች ታስቃቸው ነበር። ዘንድሮ የሚሰማው የውሃው ድምፅ ብቻ ነው።

አባዬ ከሆስፒታል ከወጣ ሦስተኛ ቀኑ። አንገቱን መደገፊያ አስረውበታል። ከሥሩ፣ ከፊት በኩል፣ ጣት የምታህል የስፌት መስመር አለች። የአንገቱን አጥንት የጠገኑት በፊት በኩል ገብተው ነው፤ ጉሮሮውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው። አጥንቱ ተጠገነ። ጉሮሮው ግን መዋጥ ረሳ።

ጉሮሮ ይረሳል እንዴ?

ፌብሩዋሪ 2

ስለዚያ ቀን አልጽፍም ብዬ ነበር። አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ጃንዋሪ 6። አባዬና እትዬ ከተራራው ሥር ቆፋሪዎች ዘንድ የኩዙ ሥር ጭነው ሲመለሱ፣ ጠመዝማዛው ላይ መንገዱ በረዶ ሆኖ ነበር። የሚነዳው አባዬ ነው። እትዬ ሆስፒታል ሳትደርስ... አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አባዬን በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና አስገቡት። ከቀናት በኋላ ሲነቃ ሁሉም ነገር አልፏል፤ ሥርዓቱም፣ አስከሬኗን ማቃጠሉም። አመዷ አሁን በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሳሎን፣ ፎቶዋ ሥር ነው። በኛ ልማድ ከሞተች በአርባ ዘጠነኛው ቀን መቃብር ይገባል።

ይኸው። ጻፍኩት። አልወጣልኝም።

ዛሬ የመዋጥ ባለሙያዋ ሲስተር ኩጌ ቤት ድረስ መጣች። ወጣት ናት፣ ስትናገር እጇ አያርፍም። አባዬን ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው።

«አቶ ያሱታኬ፣ አገጭዎን ትንሽ ብቻ ዝቅ። ትንሿን ማንኪያ። አንዱን ጉርሻ ሁለት ጊዜ ይዋጡት። ከዚያ ‹አ› ይበሉ። ድምፅዎ ውሃ ውሃ ካለ ጉሮሮዎ ላይ የቀረ ነገር አለ ማለት ነው፤ ይሳሉና ያጽዱት። እየበሉ ወሬ የለም። ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት መተኛት የለም። ጥርስ ጠዋት ማታ።»

«ልጅ ሆንኩ» አለ አባዬ። ድምፁ ወረቀት መሬት ላይ ሲጎተት ይመስላል።

«ልጅማ ይሄን ሁሉ ያለ አስተማሪ ይችለዋል» አለችው። ትንሽ ፈገግ ያለ መሰለኝ።

በር ድረስ ስሸኛት እኔንና እማዬን አቁማ ነገረችን። ሆስፒታል እያለ አንዴ ሳንባው ተመርዟል። ሳይታወቀው ምራቅና ውሃ ወደ ሳንባው እየገባ ነው። ፌብሩዋሪ 20 ላይ በራጅ እያዩ ያስውጡታል። ያኔም ወደ ሳንባ ከገባ ሆዱን በስተው ቱቦ ያስገባሉ። በአፍ መብላት ይቆማል።

«እስከ መቼ?» አለች እማዬ።

«አንዳንዱ ይመለሳል። የሚከብደው ተስፋ የቆረጠው ነው።»

እኔ ደግሞ ሞኝ ጥያቄ ጠየቅኩ። «ውሃ ብቻ ብንሰጠውስ? ቀላሉ እሱ አይደል?»

«ከሁሉ የሚከብደው ውሃ ነው! በጣም ይፈጥናል። ጉሮሮው በሩን ሳይዘጋ ያመልጠዋል።»

ከዚያ ጣቴን ማንቁርቴ ላይ አስቀምጬ እንድውጥ አዘዘችኝ። ወደ ላይ ዘለለ፣ ተመለሰ። «አሁን ምን እንዳደረግህ ታውቃለህ? ትንፋሽህን አቆምክ። የአየር ቧንቧህን ከደንክ። ምላስህ ገፋ፣ ጉሮሮህ ተቀበለ። ይሄ ሁሉ አንድ ሰከንድ አልፈጀም። በቀን በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ታደርገዋለህ።»

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ! ተኝቼም፣ ኳስ እየተጫወትኩም። ማን አስተማረኝ?

ፌብሩዋሪ 4

ሆስፒታሉ በከረጢት የሰጠን ማወፈሪያ ዱቄት አለ። ሻይም ሆነ ሾርባ ውስጥ ይጨመራል፣ ፈሳሹ ይወፍርና ቀስ ብሎ ይወርዳል። አባዬ አንድ ማንኪያ ቀምሶ ፊቱን አዞረ። «ሙጫ።»

አያቴ ሰሙ። ከማጠቢያ ቤት በእርጥብ ቦቲያቸው ገቡ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ማወፈሪያ ነው አባባ» አለች እማዬ።

«ማወፈሪያ! አራት ትውልድ ሙሉ ማወፈሪያ ስናጥብ ኖረን፣ ልጄ የፋብሪካ ሙጫ ይላስ? ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«ጎረቤቱ ጉሮሮው ውስጥ የለም፣ አባባ።»

«ኩዙ ግን ይገባል! ሳል የያዘው ሕፃንም፣ የሚያጣጥር ሽማግሌም በኩዙ አጥሚት ነው የኖረው። እነዚያን ያዳናቸው ሆስፒታሉ ነው ወይስ እኛ?» ብለው ከረጢቱን ወደ መሳቢያ ወረወሩት።

እማዬ መሳቢያውን ዘጋች።  እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኮራሁ። ለካ መድኃኒቱ ቤታችን ነበረ!

ፌብሩዋሪ 5

አያቴ ማድረቂያው ሰገነት ወጡ። የታጠበው ኩዙ በእንጨት ሣጥን ተደርጎ እዚያ ነው በንፋስ የሚደርቀው። ከሁሉም ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ሣጥን ይዘው ወረዱ። ጠርዟ ላይ በቀለም የእትዬ ስም አለ። የኖቬምበሩ ነው፤ ከመጀመሪያው እጥበት እስከ መጨረሻው ብቻዋን የሠራችው። እንደ ኖራ ነጭ ነው። ስነካው ተሰበረ... ድምፁ የቀጭን በረዶ ነው።

«አያቴ፣ ይሄማ...»

«ለማን ላስቀምጠው?» አሉ።

በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጡት። ወተት መሰለ። እሳት ላይ አድርገው ሳያቋርጡ አማሰሉ። ድንገት፣ ልክ በአንድ ቅጽበት፣ ወተቱ መስታወት ሆነ። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ዛሬም አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

አባዬ ሣጥኗን አየ። ስሟን አነበበ። 

አንድ ማንኪያ። አገጭ ዝቅ። ዋጠ። ደግሞ ዋጠ። «አ።» ድምፁ ደረቅ ነው፣ ውሃ የለበትም።

አምስት ማንኪያ። አንድም ጊዜ ትን አላለውም።

ፌብሩዋሪ 8

ትናንት አሥራ ሁለት ማንኪያ። ዛሬ የትንሽ ሳህን ግማሽ። እማዬ የዓሣ መረቅ ጨመረችበት። አያቴ ማጠቢያ ቤት ሆነው ያዜማሉ፤ ከጃንዋሪ ወዲህ የመጀመሪያው። ድምፃቸው አስቀያሚ ነው፣ ግን ያዚሙ።

አባዬ እየበላ ፎቶዋን ያያል። ከማን እጅ እየበላ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አስተያየት ነው።

ከነገ ወዲያ ሙሉ ሳህን እንሞክራለን።

ፌብሩዋሪ 10

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ምሳ ላይ ነው። ሙሉ ሳህን። የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ቀስ ብሎ ነው የሚበላው፣ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው። እስከ ግማሽ ደህና ነበር። ከዚያ ትን አለው። አረፍ አለ። እንደገና ትን አለው። ፊቱ ጠቆረ፣ ዓይኑ ተገለበጠ፣ እማዬ ከጓዳ ሮጣ መጥታ ወደ ፊት ደግፋ ያዘችው። በመጨረሻ ሳለና ወጣለት። ሳህኑ ውስጥ የቀረውን አየሁት። ውሃ ሆኗል። ጠዋት ወፍራም የነበረው የእትዬ ኩዙ ቀጥኖ ውሃ!

አባዬም አየው። ረጅም ጊዜ አየው።

«አልፈቀደችልኝም» አለ።

«ምን?»

«እጄ ላይ የሞተችብኝ ልጅ... እጇ የሠራውን አትብላ አለችኝ። ልክ ናት።»

አያቴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሰምተዋል።

ፌብሩዋሪ 11

ትኩሳት። ሠላሳ ስምንት ተኩል። ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ ቀኝ ሳንባው ላይ ትንሽ ጥላ አለ አሉ። መድኃኒት ሰጡ።

አያቴ ማጠቢያ ቤቱን ቆለፉት። ውሃው ሳይቀየር የቀረው ዝቃጭ ይበላሻል። እሳቸውም ያውቃሉ። «ይበላሽ» አሉ። «ልጄን ልገድል ነበር።»

ፌብሩዋሪ 12

አባዬ አፉን አይከፍትም። የከረጢቱንም ዱቄት አልፈልግም አለ።

«ቱቦውን ያስገቡልኝና ይገላግሉኝ።»

እማዬ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጮኻ አታውቅም፤ ዛሬም አልጮኸችም። «አንዷን ቀብሬአለሁ። ሁለተኛ አልደግምም። ያሱታኬ፣ ስማኝ። ነጂው አንተ ነበርክ ብዬ አንድ ቀን ብዬህ አውቃለሁ?»

«ብትይኝ ይሻለኝ ነበር።»

ወጥቼ የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ለምን ቀጠነ? እሳት አልጎደለውም፣ አያቴ በእጃቸው ነው ያማሰሉት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ወፍራም ነበር። አንድ ሣጥን፣ አንድ ድስት፣ አንድ ውሃ። ታዲያ ለምን?

ምናልባት አባዬ ልክ ይሆን? እንዲህ ማሰቤ አስፈራኝ።

ፌብሩዋሪ 13

በሥርዓት ልጻፍ።

ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነበር። መምህር ሙካይዳ የምግብ መፈጨት ክለሳ ብለው ለየቡድኑ ሁለት ሁለት የመስታወት ቱቦ አደሉ። ሁለቱም ውስጥ በውሃ የፈላ ስታርች። አንዱ ውስጥ ተራ ውሃ ይጨመራል። ሌላው ውስጥ ምራቅ።

ማን ይትፋ? ጭቅጭቅ ሆነ። ጓደኛዬ ኖሪታ ገፋኝ። «ሂሳሺ፣ አንተ ትፋ። እኔ ሽንኩርት በልቻለሁ፣ ሳይንስን አላዋርድም።» ሳቅኩ። ስስቅ ደነገጥኩ... ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ተፋሁ።

ቱቦዎቹን በለብ ያለ ውሃ አሥር ደቂቃ አቆየናቸው። ከዚያ አዮዲን። ያለ ምራቅ የነበረው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ፤ ስታርቹ አለ ማለት ነው። ምራቅ ያለበት እንደ ሻይ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ስታርቹ የለም።

«የት ሄደ?» አሉ መምህር።

«ምራቁ በላው» አለ ኖሪታ።

«በላው አይባልም፣ ቆራረጠው። ምራቅ ወፍራሙን ስታርች ቆራርጦ ያቀጥነዋል።»

ያቀጥነዋል!

ተነስቼ ቆምኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ማንኪያው! ከሳህኑ ወደ አባዬ አፍ፣ ከአፉ ወደ ሳህኑ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። በየጊዜው ትንሽ ምራቅ ይዞ ይመለሳል። መጀመሪያ አምስት ማንኪያ ብቻ ነበር የሚበላው፤ ኩዙው ሳይቀጥን ያልቃል። ሙሉ ሳህን ሲሆን ግን...

«መምህር፣ የሆስፒታሉስ ማወፈሪያ? እሱም ይቀጥናል?»

«ከረጢቱ ላይ ምን ይላል? ብዙዎቹ ከስታርች አይሠሩም፤ ምራቅ አይነካቸውም።» ትኩር ብለው አዩኝ። «ሂሳሺ፣ ደህና ነህ?»

ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ቤት ሮጥኩ።

አባዬ ከትራስ ተደግፎ ግድግዳ ያያል። የእትዬን ኩዙ እኔው አማሰልኩ፤ ትንሽ ተጓጎለ፣ ግን ወፈረ። በሁለት ስኒ ቀዳሁ። አንድ ማንኪያ ሰጠሁት።

«አልበላም አልኩህ።»

«አትብላ። ላሰው ብቻ።»

«ምን?»

«ማንኪያውን ላስልኝ አባዬ። ከዚያ ምንም አልጠይቅህም።»

ላሰው። ያንን ማንኪያ አንዱ ስኒ ውስጥ አማሰልኩበት። ሌላውን በንጹሕ ማንኪያ። እማዬ መጣች። አያቴም ከበሩ ሳያልፉ ቆሙ። ጠበቅን። የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማኛል... ባይሆንስ? እዚያው ፊቱ ባይሆንስ?

ስኒዎቹን አዘነበልኳቸው። አንዱ ከጠርዙ ላይ ቆሞ ቀረ፣ እንደ ማር። ሌላው ፈሰሰ። ውሃ።

 ከዚያ ከመድኃኒት ሣጥን የጉሮሮ መጉመጥመጫውን አዮዲን አወጣሁና ጠብታ ጠብታ አደረግኩባቸው። የቆመው እንደ ምሽት ሰማይ ጠቆረ። የፈሰሰው ፈካ ብሎ ቀረ።

«ምራቅህ ነው አባዬ። የማንም ሰው ምራቅ እንዲህ ያደርጋል። የኔም። ዛሬ ክፍል ውስጥ የኔም አድርጓል። እትዬ አይደለችም።»

ስኒውን ተቀበለኝ። ወደ ብርሃን ያዘው። ጥቁር ሰማያዊውን አየ፣ ደግሞ የፈሰሰውን አየ።

«ምራቄ» አለ።

«አዎ።»

«እሷ አይደለችም።»

«አይደለችም።»

አያቴ በሩ ላይ ቁጭ አሉ። «ሰማንያ ዓመት ሊሞላኝ ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሰማንያ ዓመት ሙሉ የጠጣሁት ነገር... አፌ ውስጥ ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር።»

ከዚያ ተነሥተው ቁልፉን ፈልገው ወደ ማጠቢያ ቤት ሄዱ።

ፌብሩዋሪ 14

እማዬ ለሲስተር ኩጌ ደወለችላት። ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። ስነግራት ሳቀች፣ ከዚያ ተቆጣች። «ማወፈሪያውን ስትቀይሩ ለምን አልነገራችሁኝም? ይሄን እኔ ማወቅ ነበረብኝ! እናንተ ቤት ኩዙ እንዳለ እያየሁ ሳልጠይቅ መሄዴም ጥፋቴ ነው።»

ተስማማን። ፈሳሽ ሁሉ በሆስፒታሉ ማወፈሪያ፤ ሻይም መረቅም። ኩዙ ግን ይቀጥላል፣ ምክንያቱም እሱን ነው ደስ ብሎት የሚውጠው፤ ግን በትንንሽ ስኒ፣ አንዱ ስኒ ሦስት ጉርሻ ብቻ፣ ለየስኒው አዲስ ማንኪያ። የላሰው ማንኪያ አይመለስም። ትኩሳት ካለ ሁሉም ይቁምና ይደወል።

አያቴ የሩዝ አረቄያቸውን፣ ሳኬ የሚጠጡባቸውን ትንንሽ ስኒዎች በሙሉ አወጡ። አሥራ አምስት። ለእንግዳ እንኳ የማይሰጧቸው። እማዬ ሰፌድ በሚያህል ትሪ ላይ ደረደረቻቸው፣ አጠገባቸው አሥራ አምስት ማንኪያ።

«የድግስ ቤት መሰልን» አለች።

«የሰካራም ቤት በይው» አለ አባዬ።

ቀለደ!

ፌብሩዋሪ 16

ትኩሳት የለም። ዘጠኝ ስኒ። ዕቃ አጣቢው እኔ ነኝ። በቀን ስንት ማንኪያ እንዳጠብኩ ኖሪታ ቢያውቅ ሚስት አድርጎ ያገባኛል።

ፌብሩዋሪ 18

አባዬ ሲውጥ አንገቱን አያለሁ። ማንቁርቱ ይነሣል፣ ከላይ ትንሽ ይቆያል፣ ይወርዳል። ሲነሣ እኔም አብሬ እውጣለሁ። ሳላስበው ነው። እማዬም እንደዚያ ስታደርግ ያዝኳት። አያቴም። አንድ ሰው ይበላል፣ አራት ሰው ይውጣል።

ፌብሩዋሪ 20

ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወሰድኩ።

ራጁ ክፍል አስገቡኝ፣ ከመስታወቱ ኋላ ከሐኪሙና ከእማዬ ጋር። አባዬ ወንበር ላይ በጎን ተቀመጠ። ሲስተር ኩጌ ራጅ ላይ የሚታይ መድኃኒት ከወፍራም ፈሳሽ ጋር ቀላቀለች።

ስክሪኑ ላይ የአባዬ ጭንቅላት መጣ። ጥርሶቹ። የአንገቱ አጥንቶች፣ አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ተደረደሩ ስኒዎች። መሐላቸው የተጠገነበት ብረት። ብሎኖቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ይሄን ሁሉ አንገቱ ውስጥ ይዞ ነው የሚውጠው?

«ይዋጡ።»

ጥቁሩ ፈሳሽ ምላሱ ላይ ተሰበሰበ። ወደ ኋላ ተንከባለለ። እማዬ እጄን ያዘች፣ ጥፍሯ ገባ። ከፊት በኩል የአየር ቧንቧው አለ፣ ባዶ፣ ክፍት። ጥቁሩ ወደ እሱ ሄደ። ሊገባ ነው... ሊገባ ነው... ማንቁርቱ ተነሣ፣ ትንሿ ክዳን ታጠፈች፣ ጥቁሩ በላይዋ እንደ ድልድይ ተሻግሮ ወረደ።

ከጎን የቀረች ትንሽ ነገር ነበረች። «ደግመው ይዋጡ።» ደገመ። እሷም ወረደች።

ሐኪሙ አምስት ጊዜ አስደገመው። በመጨረሻ ያለ ማወፈሪያ፣ እንደ ውሃ የቀጠነውን፣ በአንዲት ማንኪያ። ጫፉ ክዳኗን ነካና ተመለሰ። አልገባም።

ሐኪሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቱቦ አያስፈልገንም።»

ሲስተር ኩጌ ለአባዬ ቪዲዮውን መልሳ አሳየችው። ውሃን በተመለከተ አንድ ሕግ ሰጠችው፤ ጥርስ ተቦርሾ፣ ቀጥ ተብሎ፣ በትንሽ ማንኪያ፣ ሰው አጠገቡ እያለ ብቻ። ሌላው ሁሉ ገና ወፍራም።

አባዬ ግን የሚሰማት አልመሰለኝም። ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። «ይሄ እኔ ነኝ?» አለ። ሦስት ጊዜ ጠየቀ።

ሰው ራሱን ከውስጥ ሲያይ እንደዚያ ይሆናል መሰለኝ። እኔ እንኳ፣ የሌላ ሰው ጉሮሮ አይቼ፣ ቤተ መቅደስ ገብቼ የወጣሁ ያህል ነበር የምራመደው።

ፌብሩዋሪ 23

አርባ ዘጠነኛው ቀን።

መነኩሴው ጸለዩ። የመቃብሩ ድንጋይ ተነሣ፣ የእትዬ አመድ ገባ፣ ድንጋዩ ተመለሰ። አባዬ ጥቁር ልብስ ከአንገት መደገፊያው ጋር ለብሶ ቆሞ ዋለ። ዘመዶች በሉ፣ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ አራታችን ብቻ ቀረን። ነጩ ጨርቅ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።

«ሂሳሺ።»

«አቤት አባዬ።»

«ያን ቀን... ከንፈሯን ማን አራሰላት?»

በኛ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ከንፈሩን ውሃ በነካ ጥጥ ያርስለታል። የመጨረሻው ውሃ ነው። ወላጅ ይቀድማል። አባዬ ያኔ ቀዶ ሕክምና ላይ ነበር። እስከ ዛሬ አልጠየቀም፣ እኛም አልነገርነውም።

«እኔ» አልኩ።

እማዬ አቀረቀረች። «እጄ ተንቀጠቀጠ። አልቻልኩም። ጥጡን ለእሱ ሰጠሁት።»

«እኔ ደግሞ ፊቴን አዞርኩ» አሉ አያቴ።

አባዬ እኔን ብቻ ነው የሚያየው። «ወረደላት?»

ልዋሽ ነበር።

«አልወረደም አባዬ። ጥጡን ሳስነካት ውሃው በከንፈሯ ጥግ ፈሰሰ። በእጅጌዬ ጠረግኩላት።»

ያኔ ያሰብኩትን አልነገርኩትም፣ እዚህ ልጻፈው። እስከዚያ ቀን ውሃ በራሱ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። አፍ ውስጥ ከገባ ይወርዳል፣ አለቀ። ለካ የሚያወርደው ሰውየው ነው። ሰውየው ከሌለ አንዲት ጠብታ እንኳ የምትሄድበት የላትም።

 አባዬ ተነሥቶ ጥርሱን ቦረሸ። ተመልሶ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ውሃ አምጡልኝ።»

«ላወፍረው?»

«አይሆንም። እንደሷው።»

ከጉድጓዱ ቀዳሁ። በትንሿ ማንኪያ አንድ ሰጠሁት። አገጩን ዝቅ አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ማንቁርቱ ተነሣ... ቆየ... ተመለሰ። ጠበቅን። ሳል የለም። ምንም የለም።

«ወረደ» አለ። እንባው በጉንጩ እየወረደ ነው፣ እሱን አልጠረገም።

ሁለተኛውን ልቀዳ ስል እማዬ ማንኪያውን ከእጄ ወሰደች። ቀዳች። ወደ አፉ ወሰደችለት። እጇ ይንቀጠቀጣል።

ጠብታ አልፈሰሰም።